የመምህር ደምለው ስስ ባትሪ

መምህር ደምለውን ሸሕዲ ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ከሸሕዲ ሰው ማንንም ለማወቅ ፈልጎ አያውቅም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ከደባርቅ ብርድ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ፣ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ደጋ ትመለሳለህ» ብለውት ነበር። ይህችን ቃል እንደ ውል ይዞ ሻንጣውን በወጉ ሳይፈታ ኖረ። ልብሱን ከሻንጣ እያወጣ ይለብሳል፤ አሳጥቦ መልሶ እዚያው ይከታል። ቁም ሳጥን ግዛ ሲሉት «ለምን ብዬ? እሄዳለሁ እኮ» ይላል። እንዲህ ሲል ከአሥር ዓመት በላይ አለፈው። ሻንጣው ተቀደደና ሌላ ሻንጣ ገዛ።

ሚስቱ መስከረም ልጃቸውን ይዛ ደባርቅ ነው የምትኖረው። አንድ ክረምት ልትጠይቀው ወርዳ ወባ ያዛትና ለጥቂት ተረፈች፤ ከዚያ በኋላ «አንተ ና እንጂ እኔስ አልመጣም» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እሱም ዓመት በመጣ ቁጥር የዝውውር ጥያቄ ያስገባል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ተኪ የለህም። የባዮሎጂው መምህር ወደ ደጋ ሄደ፣ የአማርኛዋ ሄደች፣ የስፖርቱ ሳይቀር ሄደ። ፊዚክስ ተምሮ ቆላ ልውረድ የሚል ሞኝ ግን ከደምለው ወዲህ አልተወለደም።

ሞባይል ስልክ ወደ ቆላው ሲገባ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣበት። ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ሁሉ ስልክ አንጠልጥሎ ይመጣ ጀመር። የቆላው ሙቀት ደግሞ ለስልክ አይራራም። ኮኪት አካባቢ እርሻ ላይ ሲያጭድ የዋለ ሰው ስልኩን ሲከፍት፣ ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ክዳኑን ገፍቶ ያገኘዋል። የገበያ ቀን ሁሉም የተነፋ ባትሪውን ይዞ ወደ ደምለው ይመጣል።

«መምር፣ ይቺ ባትሪ አረገዘችብኝ» አለው አንድ የጎጃም አጫጅ።

«አላረገዘችም» አለ ደምለው፣ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። «ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሙቀት ሲበዛበት ጋዝ ይሆናል። ባትሪ ሙቀት አይወድም። ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑራት።»

ይህችን ንግግር ለሰው ሁሉ ደጋገማት። ሰዉም ተቀበላት፤ በራሱ መንገድ። ቆላ ውስጥ ከሙቀት የሚተርፍ ነገር ሁሉ የሚተርፈው በእርጥብ ጆንያ ነው፤ የሚጠጣው ውሃም፣ ቢራውም፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃንም። ስለዚህ በየራኩባው፣ በየሣር ጥላው ሥር፣ ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ እርጥብ ጆንያ በለበሰው ጀሪካን አንገት ላይ ይንጠለጠል ጀመር። ደምለው ይህን ሲያይ በሰዉ ላይ ይስቅ ነበር። ቃሉ አገር ለአገር በመዳረሱ ግን ደስ ሳይለው አልቀረም።

በኋላ ክረምት ክረምት ለማስተርስ ትምህርት ደጋ ወደሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ መውጣት ጀመረ። እዚያም መመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራበት ነገር ሲፈልግ ፈሳሽ የሌለው ባትሪ እንዳለ አነበበ። ሁሉ ነገሩ ጠጣር ስለሆነ አይነፋም፣ አያፈስም፣ እንደ ተራዎቹ ባትሪዎች ሙቀት አይገድለውም፤ እንዲያውም ሞቅ ሲል ይበልጥ ይሠራል። ደምለው ይህን እንዳነበበ የጥናት ሐሳቡን አስገባ። ወረቀቱ ላይ «የቆላውን ሕዝብ ችግር ለመፍታት» ብሎ ጻፈ። እሱ ሊፈታው የፈለገው የቆላ ችግር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ደምለው ቆላ ውስጥ መሆኑ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አንድ የውጭ ፕሮጀክት የለገሰው ማሽን ነበረው። ማሽኑ አብዛኛውን ዓመት ላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ስብሰባ ላይ ነው። ደምለው ሰውየውን እየተከታተለ፣ ምሳ እየጋበዘ፣ ለልጁ ክርስትና ሳይቀር ስጦታ ይዞ እየሄደ ቁልፉን አገኘ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ጥፍር የምታህል የብርጭቆ ቁራጭ ታጥባ አየሩ ተመጥጦ በወጣ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። በኤሌክትሪክ ኃይል ከአንድ ሰሌዳ ላይ ብረቱ ቅንጣት በቅንጣት እየተፈነቀለ ብርጭቆዋ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ሊቲየምና ኮባልት ያለበት ሽፋን ይነጠፍባትና ምድጃ ገብታ ትጠነክራለች። ከዚያ ክፍሉ ናይትሮጅን ይሞላና ወይን ጠጅ ብርሃን እየበራ ሌላ ሽፋን ይለብሳታል፤ ይህኛው ሊቲየሙን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪኩን ግን የሚያግድ ነው። በመጨረሻ ሊቲየም ራሱ፣ ያ ብር የሚመስል ልስልስ ብረት፣ ተንኖ ከላይ ያርፍባታል። ሁሉም ሽፋን ተደራርቦ ከፀጉር ይቀጥናል።

አንዲት ብናኝ ከገባች ሽፋኑ ይበሳና ባትሪው ገና ሳይወለድ ይሞታል። መብራት ከጠፋም እንዲሁ፤ መብራቱ ደግሞ ወይን ጠጁ ብርሃን በበራ ቁጥር ለመጥፋት ቀጠሮ የያዘ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ሙሉውን ባከነ። ሁለተኛው ክረምት የወጡት ሁሉ የተበሱ ሆኑ። በሦስተኛው ክረምት ከሠራቸው ውስጥ አንዲት ብቻ ተረፈች፤ ቮልት መለኪያው ሲነካት ቆጠረ። ደምለው ብቻውን ቆሞ አለቀሰ። እዚህ ላይ አይሾፍበትም፤ የሠራው ሥራ ነበርና።

የቀረው እርጥበትን መከልከል ነው። ሊቲየም እርጥበት ካገኘው ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ሌላ ስስ ብርጭቆ ደፍቶ ዙሪያውን በማጣበቂያ አሸገው። ማጣበቂያው ከገበያ የተገዛ ስለነበር አላመነውም። ሸሕዲ እንደተመለሰ ባትሪዋን ክዳን ባላት የፕላስቲክ የምግብ ሣጥን ውስጥ አኖራት። ከሱዳን በኩል የሚገባ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አሉት፤ እነሱን ከጫማ ነጋዴዎች ሰብስቦ ሣጥኑ ውስጥ ሞላ። ባትሪዋን ከአንዲት ትንሽ ዲጂታል ሰዓት ጋር በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አያያዛት። ሰዓቷ የራሷ ባትሪ ወጥቶላት በደምለው ባትሪ ቆጠረች።

ርዕሰ መምህሩ አምባው መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት ለሰዓት ነው?» አለ።

«ነገሩ አልገባህም» አለው ደምለው።

ነገሩ ያልገባው አምባው ብቻ አልነበረም፤ ደምለው ለማንም አላስረዳምና። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ አሰፋች፣ ለእሱ ጠላ ሳይቀር ከቤቷ የምታመጣለት ደግ ሴት፣ የቤተ ሙከራውን በር ሲቆልፍ አግኝታ ጠየቀችው።

«መምር፣ እንግዲህ እርስዎ በሌሉ ጊዜ እኔ ነኝ ያለሁት። ባትሪዋን ምን እንደሚስማማት ይንገሩኝና ልጠብቅልዎ።»

«እትዬ አሰፋች፣ ብነግርዎትም አይገባዎትም» አላት። «ብቻ ማንም እንዳይነካብኝ።»

በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ወሬ ባንድ ሳምንት መጣ። የመጀመሪያው፣ ህሊና የምትባል ወጣት የፊዚክስ መምህርት ሸሕዲ ተመድባ ከአውቶቡስ ወረደች። አምባው ደምለውን ቢሮው ጠርቶ፣ «ተኪህ መጣች፤ መልቀቂያህን ዛሬ እፈርማለሁ። ነገ ልሂድ ካልክም ሂድ» አለው። ደምለው ይህን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ በእንቅልፉ ሲሰማው ኖሯል። ሁለተኛው ወሬ ደግሞ አቶ አንዱአምላክ የሚባሉ ከፍተኛ የትምህርት ኃላፊ የፈጠራ ሥራዎችን ሊጎበኙ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ የሚል ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሻንጣውን ይዞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይወጣ ነበር። ሻንጣው እኮ አንድም ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ደምለው ግን አሰበ። ዛሬ ቢሄድ፣ ተዛውሮ የመጣ ተራ መምህር ነው፤ ጠመኔውን ይዞ ሌላ ክፍል ይገባል። ኃላፊው ባትሪዋን አይተው ቢደነቁ ግን ኮሌጅ ይወስዱታል፤ ቢሮ፣ ቤተ ሙከራ፣ ስሙ የተጻፈበት በር ይኖረዋል።

ለመስከረም ደውሎ ነገራት።

«ይቅርብህ፤ ዝም ብለህ ና» አለችው። «ልጅቷ እንኳ ድምፅህን እንጂ ፊትህን እየረሳችው ነው።»

«አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሰው ሆኜ ልምጣ።»

«ለእኔ ከዱሮም ሰው ነህ» አለችው። እሱ ግን በዚያን ጊዜ ስለ ሱፍ ልብስ እያሰበ ነበር።

ሱፍ ፍለጋ ጉብኝቱ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ መተማ ዮሐንስ ወረደ። ከድንበሩ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ ጥቁር ሱፍ ነበረው፤ እጅጌው ግን ረዘመ። ልብስ ሰፊው «ነገ ላሳጥርልህ» ሲለው እዚያው አደረ። ሐሳቡ በማግሥቱ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ መመለስ ነበር። ጠዋት አምባው ደውሎ፣ እንግዶቹ እንደ እንግዳ ደንብ አንድ ቀን ዘግይተናል ማለታቸውን ነገረው። ደምለውም ደስ ብሎት ክራባት ሲመርጥ ዋለ።

ሸሕዲ ላይ አምባው ጭንቅ ውስጥ ነበር። ቀኑ እሳት ነው። ባለፈው ወር አንድ ስልክ ቤት ውስጥ የተነፋ ባትሪ ፈንድቶ የሰው ቅንድብ አቃጥሏል። ይህ የደምለው ጉድ በኃላፊው ፊት ላይ ቢፈነዳ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? ሁለተኛውን ቁልፍ ከመሳቢያው አወጣና አሰፋችን ጠራ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ወለሉ ላይ ውሃ መርጨት የቆላ ወግ ነው፤ እሱን ረጩ። ከዚያ ባትሪዋን አዩ። ሣጥኑ ተከድኗል፤ ታፍኗል። አምባው ከረጢቶቹ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አነበበ። «አይበላም ነው የሚል» አለ። «መርዝ ነው። ይህን እንግዳ ፊት አናስቀምጥም፤ ጣዪው።» አሰፋች ከረጢቶቹን ጥላ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ባትሪዋ ትንፋሽ እንድታገኝ አደረገች። ከዚያም ለምትወደው ሰው የምታደርገውን አደረገች፤ አንድ ጆንያ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ባትሪዋን ከነሰዓቷ አለበሰቻት። ሽቦዎቹ እንዳይነቀሉ እንኳ ተጠንቅቃለች። እንግዶቹ ሲዘገዩ ጆንያው በደረቀ ቁጥር እንደገና ነከረችው፤ ያን ቀን ሙሉ፣ በማግሥቱም ረፋዱን።

ደምለው ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ ደረሰ። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። የቤተ ሙከራውን በር ሲከፍት የእርጥብ አፈር ሽታ ተቀበለው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጆንያ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። አሰፋች ጣሳዋን ይዛ ፈገግ ብላ ቆማለች።

ጆንያውን አነሳው። ብር የመሰለው ሊቲየም ከማጣበቂያው ዳር ጀምሮ እስከ መሐል ነጥቷል። የሰዓቷ ፊት ባዶ ነው። ቮልት መለኪያውን አስነካ፤ ዜሮ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለ።

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሆናል» አለች አሰፋች። «መምር አምባውም ይሁን አሉ። ባትሪ ሙቀት አይወድም ሲሉ እኮ አገር ሰምቶዎታል። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

ደምለው ለአገር የነገረው ስለ ሌላው ባትሪ ነው። ስለዚችኛው፣ ሙቀቱ ግድ አይላትም፣ የሚገድላት እርጥበት ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረም። አንድ ዓረፍተ ነገር አይገባቸውም ብሎ ንቋቸው ነበር። ሊቆጣት አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ብሎ ይቆጣታል? ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ከሦስት ክረምት ሥራው ሁሉ የፈጠነ ነበር። ጆንያውን ከጠረጴዛው ሥር ወረወረ። መሳቢያውን ከፍቶ የሰዓቷን የቀድሞ ባትሪ፣ ያቺን የአዝራር ቅርጽ ያላትን፣ አወጣና በሰዓቷ ጀርባ ሸጎጣት። ሰዓቷ ቆጠረች። ሽቦዎቹ እንደነበሩ ከሞተችው ባትሪ ጋር ተያይዘው፣ ግን ለታይታ ብቻ፣ ቀሩ። ቀና ሲል ተኪው ህሊና በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አቶ አንዱአምላክ የታሸገ ውሃቸውን ይዘው ገቡ፤ ካሜራ የያዘ ሰው ተከተላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይቺ ናት?»

«አዎ፣ ክቡር ኃላፊ። ፈሳሽ የለባትም። ከፀጉር ትቀጥናለች።»

«ጎበዝ። ወፍጮ ማዞር ትችላለች?»

ደምለው «በሂደት» አለ።

«በሂደት!» አሉ ኃላፊው፣ ቃሉን እንደ ዘመድ አቅፈው። ወደ ካሜራው ዞሩ። «የቆላው ልጅ ለቆላው የሠራውን እዩ። አንዳንዶች እንዲህ ዓይነቱን ምሁር ወደ ደጋ ለመውሰድ እንደሚያስቡ ሰምተናል። አይሆንም። ይህ የቆላው ሀብት ነው። ከዚህ አንድ እርምጃ አይነቃነቅም።»

ተጨበጨበ። አምባው፣ ሐቀኛ ሰው ነውና፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ተኪው መጥታለች እኮ፤ መልቀቂያውም ተፈርሟል።»

«ተቀዷል በለው። ተኪዋን ጎንደር እንመድባታለን፤ እዚያ ጎድሎብናል።»

ደግሞ ተጨበጨበ። ህሊና ከሁሉም ይልቅ አጥብቃ አጨበጨበች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያየችውን የምትናገርበት ምክንያት ጨርሶ አልነበራትም።

ደምለው በሱፉ ውስጥ ቀለጠ። ከቆላ የሚያወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ባትሪዋ ሞታለች፣ የምትቆጥረው በሌላ ነው» ማለት ብቻ። ያኔ ሀብት መሆኑ ይቀራል፣ መልቀቂያው ይመለስለታል፣ ነገ ደባርቅ ይገባል። ዓረፍተ ነገሩ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። በዚህ መሐል ኃላፊው ከመኪናቸው ያስመጡትን ወፍራም ጋቢ በትከሻው ላይ ጣሉለት፤ ካሜራው ብልጭ አለ። በዚያ ሙቀት፣ ከሱፉ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ደምለው እጅ ነሳ። «አመሰግናለሁ» አለ።

ህሊና በሳምንቱ ወደ ጎንደር ወጣች። ደምለው ለመስከረም ለመደወል ድፍረት ያጣው ለጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ራሷ ደወለች።

«ሠራ ወይ?» አለችው።

«ሠራ።»

«እሰይ። ታዲያ መቼ ልጠብቅህ?»

ሁሉን ነገራት። ጭብጨባውን፣ ጋቢውን፣ ኃላፊው የተናገሩትን፣ መልቀቂያው መቀደዱን፣ ህሊና በእሱ ቦታ መሄዷን። አንዲት ነገር ብቻ አስቀረ።  

«ደምለው» አለችው። «ስለሠራ ነው አይደል የያዙህ? እንግዲያው አልሠራም በላቸው። ተበላሸ በላቸውና ይልቀቁህ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ አንዴ ለእኔና ለልጅህ ስትል ዋሽ።»

ደምለው ስልኩን ከአንድ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መስከረም» አላት፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲገሥጽ በሚያወጣው ድምፅ፣ «ታውቂኛለሽ። እኔ ውሸት አልወድም።»